ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ?

መገናኛ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። የአያት ታክሲ ሰልፍ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። ከፊቴ የቆሙት ሰውዬ ፌስታላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ «ኧረ ይሄ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ክፍለ ሀገሩ ሁሉ ተገልብጦ ገባ እኮ!» አሉ። እኔም አፌ አያርፍ፣ «እርስዎስ ጋሼ፣ የዚሁ ልጅ ነዎት?» አልኳቸው። «እኔማ የገባሁት በ74 ነው። ከደብረ ሲና።» ሰልፉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ታክሲው ግን አልመጣም።

ያን ዕለት ሰልፉን አንድ በአንድ ብንጠይቅ ግማሹ የሆነ አገር ይጠራ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ቀሪው ደግሞ አባቱን፣ ካልሆነም አያቱን ይጠይቅ። ከተማዋ ራሷ ከተቆረቆረች 140 ዓመት ቢሆናት ነው። «አራዳ» የሚለው ስም የመጣው ከድሮው የጊዮርጊስ አካባቢ ገበያ ነው፤ ገበያ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ከሆነ ቦታ የመጣ ነው። እና ዛሬ አንዱን ልጅ «ፋራ» ብሎ የሚስቅ አራዳ፣ ብዙ ጊዜ ከአውቶቡስ ተራ የሚለየው አንድ ትውልድ ብቻ ነው።

ስለ አገር ውስጥ ፍልሰት ስናወራ ሁላችንም የምናስበው ጎርፍ ነው። ሕዝብ ይጎርፋል፣ ከተማ ይጥለቀለቃል። ቁጥሩን ቁጭ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

እንየው። በ1976 ቆጠራ አዲስ አበባ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት። በ1987 ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን ሆነች። በ1999 ደግሞ 2.74 ሚሊዮን። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ላይ ዕድገቱ ፈጣን ነው፣ በዓመት 4 በመቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ረሃቡ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ በ1983 መንግሥት ሲቀየር የተበተነው ሠራዊትና ቤተሰቡ አለ። ከ1987 እስከ 1999 ባለው ጊዜ ግን አዲስ አበባ በዓመት ያደገችው በ2.1 በመቶ ነው። አገሪቱ በጠቅላላ ያደገችው ደግሞ በ2.6 በመቶ። ደግመው ያንብቡት። ዋና ከተማዋ ያደገችው ከአገሪቱ አማካይ ባነሰ ፍጥነት ነው! ውጤቱ ሲወጣ ብዙ ሰው ዓይኑን አላመነም፣ ብዙም አነጋገረ። እኔም ራሴ ቆጠራው ሰው አምልጦታል ከሚሉት ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ትንሽ ያመለጠው አይጠፋም እላለሁ። ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሁለት ነገር ነው፣ አንዱ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ከተማው ዳር።

ከማዋለጃው እንጀምር። አንድ ሕዝብ ራሱን ለመተካት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 2.1 ገደማ ልጅ መውለድ አለባት። ሁለቱ እናትና አባትን ይተካሉ፣ ሽርፍራፊዋ ሳያድጉ ለሚሞቱት ነው። በየጊዜው የሚደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ1992 አዲስ አበባ ላይ ያገኘው 1.9 ነው። በ1997 ወደ 1.4 ወረደ። በ2003 1.5፣ በ2008 ደግሞ 1.8። በ1997 የአገሪቱ አማካይ 5.4 ነበር። ማለት የአዲስ አበባ ሴት እንደ አውሮፓ ሴት ስትወልድ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሴት ግን አምስትና ስድስት ታሳድግ ነበር።

ለምን? «ስለሰለጠኑ» የሚል መልስ ሁሌም አለ፣ ብዙም አይጥመኝም። አጥኚዎች ቀዳሚ ያደረጉት የጋብቻ መዘግየትን ነው። ጋብቻው የዘገየው ደግሞ ሥራና ቤት ስለጠፋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሞልቶት እናቱ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ የሚያድር ልጅ የት ያገባል? ያገባውም ቢሆን አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ አከራይዋ ፊታቸው ይለወጣል። ቤት ልትከራዩ ስትሄዱ «ስንት ናችሁ? ልጅ አላችሁ?» ተብላችሁ አታውቁም? ይቺ ጥያቄ ብቻዋን ያስቀረችው ልጅ ቀላል አይመስለኝም።

እና ይቺ ከተማ በራሷ ልጆች ብቻ ብትቀር፣ ውሎ አድሮ መሳሳት ትጀምራለች። ወዲያው አይደለም፤ ወጣት ስለበዛባት ለጊዜው የሚወለደው ከሚሞተው ይበልጣል። ግን ወጣቱ ራሱ ከየት መጣ? ያው ከአውቶቡስ ወርዶ ነው። የከተማዋን ነዋሪ በዕድሜ ከፋፍላችሁ ሥዕል ብትሠሩት ከ15 እስከ 30 ያለው ላይ ሆዱ ይነፋል፣ በተለይ በሴቶቹ በኩል። ይሄ እዚህ ተወልዶ ያደገ ሕዝብ ቅርጽ ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ከሌላው ጫፍ እንየው። ገጠር እንዲህ ጠቦ፣ ልጁ እንዲህ በዝቶ፣ ለምን ከዚህም በላይ አልመጣም?

መሬት ነው መልሱ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገበት የመዘዋወርና የመኖር መብት አለው ይላል። ጥቂት ገጽ ወረድ ብሎ አንቀጽ 40 ላይ ደግሞ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ ሸጦ የሚሄድበት ነገር የለውም። ከዚያ ላይ የየክልሉ ሕግ ይመጣል፦ አካባቢውን ጥሎ ለዓመታት የጠፋ ሰው ይዞታውን ሊያጣ ይችላል፣ ማከራየት ቢፈቀድም በመጠንና በጊዜ ገደብ ነው። ስለዚህ አባት ከነቤተሰቡ ነቅሎ አዲስ አበባ አይገባም። ቢገባ ባዶ እጁን ነው የሚገባው፣ ቢከፋው የሚመለስበትም የለውም። በደርግ ጊዜማ ከቀበሌው ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ የመገናኛው ጋሼም በ74 እንዴት እንደገቡ ሳልጠይቃቸው ታክሲው መጣብን።

መሬቱን አጥብቆ የያዘው አባት ነው። ልጅ ግን የሚይዘው የለውም። ወላይታ ወይ ሲዳማ አካባቢ ግማሽ ሄክታር እንኳ የማይሞላ ማሳ ላይ ስድስት ልጅ ያደገበት ቤት ሞልቷል። ያ ማሳ ለስድስት አይካፈልም። አንዱ ይቀራል፣ እሱም የሚያገባው አባቱ ግቢ ጥግ ላይ ጎጆ ቀልሶ ነው። ሌሎቹ ዓይናቸው መንገድ ላይ ነው። ሁሉም ወደ ከተማ አይሄድም ታዲያ። ከገጠር ወደ ገጠር የሚሄደው ቀላል አይደለም፤ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ የሚወርደውን ሠራተኛ ማስታወስ ይበቃል።

ከተማ የሚገባው ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ ተነሥቶ አይመጣም፤ የሚጠራው ሰው አለ። ቢሮአችን በር ላይ ጫማ የሚጠርግ ልጅ አለ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከወላይታ ሶዶ ወጣ ካለች ቀበሌ ነው የመጣው። ያመጣው አጎቱ ነው፤ አጎቱን ያመጣው ደግሞ የሰፈራቸው ልጅ። አምስት ሆነው አንድ ክፍል ያድራሉ፣ ሒሳቡ በአዳር ነው፣ በሩ ሥር ቅርብ የተኛ ትንሽ ይቀነስለታል። ለምን ቢባል የሚወጣ የሚገባው ይረግጠዋላ! የሊስትሮ ሣጥኑን የገዛው በብድር ነው፣ አበዳሪው ያው አጎት። ገንዘቡን የሚያስቀምጠው ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ጋ ነው። አንድ ቀን «አዲስ አበባ እንዴት ናት?» ብዬው «ከሣጥኑ ላይ ሆኜ ጫማዋን አውቃታለሁ» አለኝ። ተጫውቶብኛል።

መስከረም ላይ ግን ጠፋ። እሱ ብቻ አይደለም፣ የመስቀል ሰሞን ጫማ ማስጠረግ የፈለገ ሰው አይቶታል። መርካቶም ግማሽ ሱቁ ይዘጋል። ጉራጌው ለክትፎው፣ ወላይታው ለጊፋታው አገሩ ገብቷል። ከተማዋ በሰው ጉልበት ምን ያህል በሌላ አገር ልጅ ላይ እንደቆመች በዓመት አንዴ የሚታየን ያኔ ነው። የጉራጌ ነጋዴ መርካቶ፣ የዶርዜ ሸማኔ ሽሮ ሜዳ፣ እያለ የሚሄደው የሰፈርና የሙያ ካርታ የተሣለው በዚሁ መጠራራት ነው። አንዱ ቀድሞ ገብቶ አንድ ሥራ ይለምዳል፣ ከዚያ ያገሩን ልጅ ያስገባል። ማንም አላቀደውም።

ስለ ወንዶቹ አወራሁ እንጂ የሚበዙት ሴቶቹ ናቸው። በ1999 በአገር ደረጃ የወንዱ ቁጥር በትንሹ ይበልጥ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ሴቶቹ በ129 ሺህ ገደማ ይበልጣሉ። ይሄን ትርፍ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፣ ወጥ ቤት ግቡ። የቤት ሠራተኛ ናት። አንዷ ትምህርት አቋርጣ፣ አንዷ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ሲሉ አምልጣ፣ አንዷ ፈታ፣ አንዷ ደላላ አታሎ አምጥቷት። ለአንዳንዷ አዲስ አበባ መጨረሻዋ አይደለም፤ ምግብ ማብሰልና ልብስ መተኮስ ትለምድባታለች፣ ከዚያ ቤይሩት ወይ ጅዳ ወይ ዱባይ።

እዚህ ላይ ራሴንም ልጨምር። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ቢሮ የምንውለው ልጃችንን የምትይዝልን ልጅ ስላለች ነው። ከደጀን ወዲያ ከሆነች የገጠር ቀበሌ ነው የመጣችው። የባለቤቴ ደመወዝ በእሷ ትከሻ ነው የሚገባው። እንደኛ ያለውን ቤት በመቶ ሺዎች አባዙትና የከተማዋን ቢሮ፣ ባንክ፣ ሆስፒታል ማን እንደሚያስኬደው አስቡት። ኢኮኖሚስቶቹ ከተማ ውስጥ ምርታማነት ይጨምራል ሲሉ በገበታ በሰንጠረዥ ነው የሚያሳዩት፤ እኔ የማየው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጄን ተቀብላ «ሂዱ በቃ፣ አያለቅስም» የምትለዋን ልጅ ነው።

ግንባታውም እንደዚያው ነው። ከ1997 ወዲህ ከተማዋን የሞላው ኮንዶሚኒየም በቀን ሠራተኛ ጉልበት ነው የቆመው። ጠዋት አደባባዩ ላይ አካፋውን ተደግፎ ቀጣሪ የሚጠብቀው ልጅ ገንብቶታል፣ ዕጣው ውስጥ ግን የለም። ለመመዝገብ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የከተማዋ ነዋሪ መሆንንና ይህንንም በመታወቂያ ማሳየትን ይጠይቅ ነበር። በ2005 ብቻ ከ900 ሺህ ሰው በላይ ተመዝግቧል። የተመዘገበው ራሱ ቤት የሚያገኘው ዕጣ ከደረሰው ነው፣ የቀን ሠራተኛው ደግሞ ሰልፉ ላይም የለም።

መጤው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ያጣውን ራሱ ይፈጥራል። ዕድርን ውሰዱ። ብዙዎቻችን ከጥንት ከገጠር የመጣ ነገር ይመስለናል። አጥኚዎቹ ግን ወደ ከተማው ያደላሉ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ነው የተስፋፋው ይላሉ። ስታስቡት ልክ ነው። ገጠር ሰው ሲሞት ዘመድ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ማን ይቀብረኛል አይባልም። ከአገሩ ርቆ የመጣ ሰው ነው የቀብሩ ነገር የሚያሳስበው። ከዚያ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ጡሩንባው ይመጣል።

መጤዎቹ ያፈሩትም ገንዘብ እዚህ ብቻ አልቀረም። አዲስ አበባ የከበሩ የጉራጌ ነጋዴዎች በ1950ዎቹ ራሳቸው አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ የሚሠራ ድርጅት አቁመዋል። መንግሥት እስኪመጣ አልጠበቁም። መንገዱ ሲገባ ታዲያ ለመስቀል መግባት ቀለለ፤ መውጣትም ቀለለ። ፍልሰት እንዲህ ነው፣ ልማት ይገድበዋል ስትል መንገዱን ይዞ ይመጣልሃል። «ገጠሩን ብናለማው ይቆማሉ» የሚሉ ሰዎች ይቺን ነገር ቢያስቡባት እወዳለሁ። ልጁን ስምንተኛ ክፍል ድረስ ካስተማርከው በኋላ ወደዚያች ግማሽ ሄክታር ልትመልሰው ነው?

አሁን ወደ ዳሩ እንውጣ። ቅድም ሁለተኛው ምክንያት ከተማው ዳር ነው ያልኩት ይሄንን ነው። በ1987 ሰበታ 14 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት። በ1999 49 ሺህ ገደማ ሆነች። አዲስ አበባ 30 በመቶ ስታድግ ሰበታ ከሦስት እጥፍ በላይ! ቡራዩም፣ ለገጣፎም፣ ገላንም በዚያው መንገድ ነው የሄዱት። ሰውየው ሥራው ፒያሳ ነው፣ አዳሩ ቡራዩ። ቆጠራው በአዳር ስለሆነ ለኦሮሚያ ይቆጠራል። የትራፊኩ መጨናነቅ ግን የአዲስ አበባ ነው፣ ታክሲውም ትራንስፖርቱም። የክልል መስመር ካርታ ላይ እንጂ ሚኒባሱ ውስጥ አይታይም።

ለምን ዳር? ኪራይ ነው። መሀል ያለው ቀበሌ ቤት በዘመድ ተይዟል፣ ኮንዶሚኒየሙ ውድ ነው። ከዚያ ገበሬው ማሳውን ቆርሶ በጓሮ በር ይሸጣል። መሸጥ እንደማይቻል ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ፣ ውሉ የሚጻፈው «አሳልፌ ሰጠሁ» ተብሎ ነው። ቤቱ በሌሊት በጨረቃ ይቆማል፣ ጭቃው ሳይደርቅ መጋረጃ ይሰቀልበታል፣ ስሙም የጨረቃ ቤት ሆኖ ይቀራል። ገበሬው ገንዘቡ ሲያልቅ በገዛ ማሳው ላይ በተሠራ ሕንፃ ዘበኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሄ ቁስል ቀላል አይደለም። በ2006 የወጣው አዲስ አበባንና ዙሪያዋን የሚያያይዘው ማስተር ፕላን ያስነሳው ተቃውሞና የጠፋው ሕይወት ከዚህ ውጭ አይገባም፤ ዕቅዱ በ2008 ተሰረዘ። በ2015 ደግሞ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ፣ በዚያው ሰሞን የፈረሰው የጨረቃ ቤት ብዙ ነው። የፈረሰበት ሰው አገሩ አልተመለሰም። ትንሽ ራቅ ብሎ ተከራየ።

በዚህ ላይ ከመሀል ወደ ዳር የሚገፋው አለ። ልደታ ፈረሰ፣ አራት ኪሎ ፈረሰ፣ ፒያሳና ካዛንቺስ በቅርቡ ፈረሱ። እዚያ የነበረችው ጉልት ሻጭ አሁን ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። ቤቱ ከበፊቱ ይሻላል፣ ሽንት ቤቱ የራሷ ነው፣ ይሄን አልክድም። ሽንኩርቷን የሚገዛት ግን ካዛንቺስ ቀርቷል።

ውኃውም የሚነግረን ይሄንኑ ነው። ጀሪካን ደርድረን ፈረቃ ከምንጠብቀው ውኃ ጥቂት የማይባለው የሚመጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ነው፣ ሁለቱም ከከተማዋ ወሰን ውጭ። ቆሻሻችን ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት ሲከመር የኖረው ቆሼ ላይ ነበር፤ ሥሩ ላስቲክ ወጥረው ይኖሩ የነበሩት ሰዎች ውስጥ ከገጠር መጥተው ሌላ ማረፊያ ያጡ ነበሩበት። መጋቢት 2009 ክምሩ ተንዶ ከ110 ሰው በላይ ሞተ።

«ታዲያ ሌሎቹ ከተሞች ይድጉ፣ ሁሉም አዲስ አበባ ለምን?» ይባላል። ትክክል ነው። በ1999 ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ድሬዳዋ 233 ሺህ ሰው ነበራት፤ አዲስ አበባ ከአሥራ አንድ እጥፍ በላይ ናት። አንድ ራስ ትልቅ ሆኖ እጅ እግሩ የቀጠነ ሕፃን ነው የሚመስለው። ባሕር ዳር፣ አዳማ፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ ከዚያ ወዲህ በደንብ አድገዋል። ባለፉት ዓመታት ጦርነቱ ያፈናቀለው ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ እሱ መርጦ የመጣ አይደለም።

የሐዋሳን ነገር ግን ቆም ብለን እንየው፣ ምክንያቱም መንግሥት ሆን ብሎ ፍልሰትን ወደ ሌላ ከተማ ለመሳብ የሞከረበት ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ተመረቀ። 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች ተመልምለው መጡ። የመነሻ ደመወዙ በ2011 አካባቢ በወር 26 ዶላር ያህል ነበር፣ በዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ከተሰማው ሁሉ ዝቅተኛው። ፋብሪካው ማደሪያ አልሠራም፤ ከተማው ውስጥ አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። የሠራተኛው ብዛት ሲሰማ ኪራዩ ወጣ። ያኔ ለግል ሠራተኛ የደመወዝ ወለል አልነበረም፣ ለኪራይም ጣሪያ አልነበረም፤ በመሀል ልጅቷ። በመጀመሪያው ዓመት የለቀቀው ሰው ብዛት ቀጣሪዎቹን አስደነገጠ። «የሥራ ባህል የላቸውም» ተባለ። እኔ ግን ሒሳቧን በደንብ የሠራች ይመስለኛል፦ ቤት ሠራተኛ ብትሆን ምግቧና ማደሪያዋ ነጻ ነው። በ2014 ደግሞ አሜሪካ የኢትዮጵያ ዕቃ ከቀረጥ ነጻ ወደ ገበያዋ የሚገባበትን ዕድል ስታነሣ የቀረውም ተናጋ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያወራሁት በ1999 ቁጥር መሆኑን ታዝባችኋል። ሌላ የለማ! አራተኛው ቆጠራ በ2009 መደረግ ነበረበት፣ ተራዘመ። ደግሞ ተራዘመ። በ2011 ለሦስተኛ ጊዜ ተራዘመ። አዲስ አበባ አሁን ስንት ሰው አላት ብትሉ፣ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤታችን ትንበያ 4 ሚሊዮን ገደማ ይላል፣ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ5 ሚሊዮን በላይ። ልዩነቱ ብቻውን አራት ድሬዳዋ ይወጣዋል። ያ ሁሉ ሰው ውኃ ይጠጣል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ታክሲ ይሳፈራል። የትምህርት ቤቱን ክፍል፣ የቧንቧውን ውፍረት የሚወስነው መሐንዲስ የትኛውን ይያዝ?

ያልተቆጠረው ሰው ደግሞ ወረቀት የለውም። ልጃችንን የምትይዝልን ልጅ ማታ ትምህርት ልትመዘገብ ሄደች፣ መታወቂያ ተባለች። ወረዳ ሄደች፣ ከመጣሽበት መሸኛ አምጪ ተባለች። ወንድሟ አገር ቤት ጠየቀላት፣ ራሷ ካልመጣች አይሰጥም ተባለ። ሄደች። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ነበር፣ ሁለት ቀን ጠበቀችው፤ በሦስተኛው ቀን ማኅተሙ ያለበት ወረቀት በእጇ ገባ። እዚህ ስትመለስ አዲስ መታወቂያ መስጠት ለጊዜው ቆሟል የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፏል። «መቼ ይከፈታል?» ብትል «እኛም አናውቅም» አሏት። የቤት ቁጥር ያለው ሰው ያስመዝግብሽ የሚል ምክር የሰጣትም አለ፤ እኛ ደግሞ ተከራይ ነን፣ አከራያችን ደግሞ «ነገ ቤቱ የኔ ነው ብትልስ?» ብለው ሣቁ፣ የምራቸውን ነው።

ከወራት በኋላ አገልግሎቱ ተከፍቷል ሲባል ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥታ ተሰለፈች። ተራዋ ደረሰ። የወረዳው ሠራተኛ መሸኛውን ገልበጥ አድርጎ ቀኑን አየ፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ሌላ አጽፈሽ ነይ አላት። አሁን ወረቀቱ የልጃችን የክትባት ካርድ ያለበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ለፋሲካ አገሯ ስትገባ ታሳድሰዋለች፣ ሊቀ መንበሩ ካለ።